ማግኔት ያለው የመጋረጃ ማሰሪያ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ሥር ይገባል?

(ከዚህ በታች የሚነበበው በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል።)



ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ዕቃ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። በሁለት ጫፎቹ ላይ ሳንቲም የሚያህሉ ማግኔቶች ያሉት አጭር ጥብጣብ ወይም ገመድ ነው። መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስበን ስንጠመጥመው ማግኔቶቹ ተሳስበው ይጣበቃሉ። ግድግዳ መብሳትም ሆነ መንጠቆ መትከል አያስፈልግም።

የዛሬው ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ይህ ዕቃ ከውጭ አገር ሲገባ በሕግ ፊት ምንድን ነው? ጨርቃ ጨርቅ ነው? ማግኔት ነው? የመስኮት መገጣጠሚያ ነው? ወይስ የፕላስቲክ ዕቃ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱ በተለወጠ ቁጥር የሚከፈለው ቀረጥ በእጥፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአራት እጥፍ በላይ ይለያያል።

ይህን ርዕስ የመረጥሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ ወደ ማስተማር ሥራ ከመግባቴ አስቀድሞ፣ በአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ዲክላራሲዮን አዘጋጅ ነበርሁ። መጋረጃ እየሰፉ የሚሸጡ አንዲት የመርካቶ እናት ከዱባይ አሥራ ሁለት ካርቶን የመጋረጃ ማሰሪያ አስመጡ። በኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው «የመጋረጃ ማግኔት» የሚል ብቻ ነበር። እኔም ዕቃውን ሳላይ፣ ማግኔት የምትለውን ቃል ብቻ ይዤ፣ በማግኔቶች የታሪፍ ቁጥር አስመዘገብሁት። ካርቶኑ ተከፍቶ ሲፈተሽ ግን ከፖሊስተር ጥብጣብ የተሰፋ ማሰሪያ ሆኖ ተገኘ። የታሪፍ ቁጥሩ ተለወጠ፤ የቀረጡ ልዩነት ተሰላ፤ በላዩም መቀጫ ታከለበት፤ የመጋዘን ኪራዩም በየቀኑ ይቆጥር ነበር። ዕቃው የተለቀቀው እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱን አሳምሮ መጋረጃ የሚቀይርበት ጊዜ አመለጣቸው።

እኚያ እናት ወደ ቢሮ መጥተው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ለመሆኑ ዕቃውን አይተኸው ነበር ወይ?» አላየሁትም ነበር። የዛሬው ንግግሬ ያን ዕቃ በወቅቱ እንዴት ማየት ይገባኝ እንደነበር የሚያብራራ ነው።

የሥርዓቱ መሠረት

በዓለም ላይ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም የንግድ ዕቃ የሚመደብበት አንድ የጋራ ሥርዓት አለ፤ በተለምዶ ሃርሞናይዝድ ሲስተም ይባላል። ስምምነቱ በብራሰልስ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1983 ተፈርሞ ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ነው። ሥርዓቱ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች የተዋቀረ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ምዕራፍ 77 ለወደፊት ተብሎ ባዶውን ተትቷል። አሁን በሥራ ላይ ያለው እትም እ.ኤ.አ. ከ2022 መባቻ ጀምሮ የጸና ነው። የአገራችን የጉምሩክ ታሪፍም በዚሁ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው።

የቁጥሩ አሠራር እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አሃዞች ርዕሱን፣ ስድስቱ አሃዞች ደግሞ ንዑስ ርዕሱን ያመለክታሉ። እስከ ስድስተኛው አሃዝ ድረስ ቁጥሩ በአባል አገሮች ሁሉ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሃዞችና የቀረጡን ልክ እያንዳንዱ አገር እንደ ፖሊሲው ይወስናል። ስለዚህ «ዕቃው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፍ ሲሆን፣ «ስንት ይክፈል?» የሚለው ብሔራዊ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድመን ስንጠይቅና የመጀመሪያውን ወደምንፈልገው ክፍያ ስንጎትተው ነው።

ምደባው የሚመራው በስድስት አጠቃላይ የትርጓሜ ደንቦች ነው። ደንብ 1 የክፍልና የምዕራፍ አርዕስቶች ለማመልከቻ ያህል ብቻ የተቀመጡ መሆናቸውን ይገልጽና፣ ሕጋዊ ኃይል ያላቸው የባለ አራት አሃዝ ርዕሶች ቃላትና የክፍልና የምዕራፍ ማስታወሻዎች እንደሆኑ ይደነግጋል። ዕቃው ከተለያዩ ነገሮች የተሠራ ሆኖ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ርዕሶች የሚስቡት ሲሆን ወደ ደንብ 3 እንሄዳለን። ይህ ደንብ ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ ዕቃውን ይበልጥ ለይቶ የሚገልጸው ርዕስ ይቀድማል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ርዕስ የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ የሚገልጽ ሲሆን እኩል እንደሆኑ ይቆጠራሉ። ሁለተኛ፣ ለዕቃው መሠረታዊ ባሕርዩን የሚሰጠው ክፍል ይወስናል። ሦስተኛ፣ ይህም መለየት ካልቻለ፣ እኩል ተገቢ ከሆኑት ርዕሶች መካከል በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ይወሰዳል።

መሠረታዊ ባሕርይ በምን ይታወቃል? የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የማብራሪያ ማስታወሻዎች መለኪያው እንደ ዕቃው ዓይነት እንደሚለያይ ይገልጻሉ። የክፍሉ ምንነት፣ ግዝፈቱ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱ ወይም ዋጋው ሊወስን ይችላል፤ ክፍሉ በዕቃው አጠቃቀም ውስጥ ያለው ሚናም እንዲሁ። አንዱን ብቻ ነጥሎ «ከባዱ ያሸንፋል» ወይም «ውዱ ያሸንፋል» ማለት አይቻልም።

አራት ናሙናዎች

አሁን ወደ ማሰሪያዎቻችን እንመለስ። አራት ዓይነት ናሙናዎችን በተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ያ እኔ የተሳሳትሁበት ነው። ከተሸመነ የፖሊስተር ጥብጣብ የተሰፋ ሲሆን በሁለቱ ጫፎች ውስጥ ማግኔት ተቀብሯል። ተወዳዳሪ ርዕሶቹ ሁለት ናቸው። ርዕስ 6304 «ሌሎች የቤት ማስጌጫ ጨርቃ ጨርቆችን» ይይዛል፤ ርዕስ 8505 ደግሞ ቋሚ ማግኔቶችን። ርዕስ 6303 መጋረጃዎችን ቢጠቅስም ማሰሪያው ራሱ መጋረጃ ስላልሆነ እዚያ አይገባም። የ6304 ማብራሪያ በዝርዝሩ ውስጥ የመጋረጃ ማቀፊያዎችን በስም ይጠራል።

ታዲያ ማግኔቱስ? ሚናውን እንመርምር። መጋረጃውን አቅፎ የሚይዘው፣ ከፊት የሚታየውና ቤቱን የሚያስጌጠው ጥብጣቡ ነው። ማግኔቱ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፤ ይኸውም ዘለበት በቀበቶ ላይ ወይም ቁልፍ በሸሚዝ ላይ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ዘለበቱ ቢወድቅ ቀበቶው አይታሰርም፤ ይሁንና ቀበቶን ዘለበት ብሎ የሚጠራው የለም። ጥብጣቡን አውጥተን ማግኔቱን ብቻ ብናስቀር ግን በእጃችን የሚቀረው ማሰሪያ ሳይሆን ሁለት ክብ ብረት ነው። ስለዚህ መሠረታዊ ባሕርዩን የሚሰጠው ጨርቁ ነው፤ ጥብጣቡ በሹራብ መልክ ያልተሠራ ሰው ሠራሽ ጭረት በመሆኑም ንዑስ ርዕሱ 6304.93 ይሆናል።

ሁለተኛው ናሙና ለዓይን ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም፤ ማግኔቶቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ በጥብጣብ ፈንታ የተጎነጎነ የፖሊስተር ገመድ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ያለ ማመንታት 6304 ይለዋል። ነገር ግን የምዕራፍ 63 ማስታወሻ 1 የመጀመሪያው ንዑስ ምዕራፍ ከጨርቅ ለተሠሩ ያለቀላቸው ዕቃዎች ብቻ እንደሚያገለግል ይናገራል። ገመድ ደግሞ በሥርዓቱ ቋንቋ ጨርቅ አይደለም፤ የራሱ ርዕስ 5607 አለው፤ የተጎነጎነም ሆነ ያልተጎነጎነ። ከገመድ የተሠሩና በሌላ ስፍራ ያልተጠቀሱ ዕቃዎች የሚመደቡት በርዕስ 5609 ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው የዕቃው አገልግሎት ሳይሆን አንዲት የማስታወሻ መስመር ናት። ደንብ 1 ማስታወሻዎችን ከአርዕስቶች በላይ ያስቀመጠበት ምክንያት የሚገባን እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ናሙና ጥብጣብም ገመድም የለውም። በኒኬል የተለበጡ ሁለት ክብ ማግኔቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከመጋረጃው ፊት፣ ሌላው ከጀርባው ሆነው ጨርቁን በመካከላቸው ይይዛሉ። እዚህ ማግኔቱ የሌላ ነገር ዘለበት አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ማግኔት ነው። የርዕስ 8505 ማብራሪያ ቋሚ ማግኔቶች ለማንኛውም አገልግሎት ቢውሉ በዚሁ ርዕስ እንደሚመደቡ ይገልጻል። አንድ ሰው «የመጋረጃ መገጣጠሚያ ስለሆነ በ8302 ይግባ» ቢለን፣ የክፍል 15 ማስታወሻ የክፍል 16 ዕቃዎችን ከብረታ ብረት ክፍል እንደሚያስወጣ እናስታውሰዋለን፤ 8505 የሚገኘው በክፍል 16 ነውና።

በዚህ ናሙና ላይ አንድ የፊዚክስ ነጥብ ልጨምር። እንዲህ ያለ ቀጭን ዕቃ ወፍራም መጋረጃ አልፎ መሳብ የቻለው ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን በሚሠራው ማግኔት ምክንያት ነው። ይህን ማግኔት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ማሳቶ ሳጋዋ እና በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ጆን ክሮት በየፊናቸው አገኙት። ይህ የብረት ቅይጥ ስለሆነ ንዑስ ርዕሱ 8505.11 ነው። ከሸክላ መሰል ፌራይት የተሠራ ማግኔት ግን በ8505.19 ይመደባል። ሁለቱን በዓይን መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ የአምራቹን የጥሬ ዕቃ መግለጫ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ናሙና ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ፊት ለፊት የፕላስቲክ አበባ አለው፤ በጀርባው ማግኔት ተጣብቋል፤ የሚጠመጠመው ክፍል የብረት ሽቦ ነው። ፕላስቲኩ ለውበት፣ ሽቦው ለማቀፍ፣ ማግኔቱ ለመዝጋት ያገለግላሉ። በግዝፈት ካየነው ፕላስቲኩ ወደ 3926 ይስበዋል። በሚና ካየነው ሽቦው ወደ 8302 ይወስደዋል፤ የዚያ ርዕስ ማብራሪያ የመጋረጃ መገጣጠሚያዎችን ይጠቅሳልና። በዋጋ ካየነው ማግኔቱ ሊያይል ይችላል። የእኔ አስተያየት የማቀፍ ሚና ለማሰሪያ ዋነኛ ነው የሚል ነው፤ ነገር ግን በቅንነት ተከራክሮ ሌላ መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ባለሙያ አለ። ማንኛውም ክፍል እንደማይበልጥ ካመንን ደግሞ ሦስተኛው ደረጃ ይመጣና በቁጥር የመጨረሻውን፣ ማለትም 8505ን፣ እንወስዳለን። ይህ የመጨረሻው ደረጃ የዕቃውን እውነተኛ ማንነት የሚነግረን አይደለም። ክርክር ማለቂያ ስለሚያስፈልገው የተቀመጠ ማብቂያ ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ

አሁን ቁጥሩን ወደ ገንዘብ እንለውጠው። ለምሳሌነት የአሜሪካን ታሪፍ አጠቃላይ የቀረጥ ዓምድ እወስዳለሁ፤ ተጨማሪ ቀረጦችን ለጊዜው እንተዋቸው። 8505.11 የሚከፍለው 2.1 በመቶ ነው። በ5609 የሚገባ ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራ የገመድ ዕቃ 4.5 በመቶ ይከፍላል። 6304.93 ደግሞ 9.3 በመቶ ነው። ዋጋው 10,000 ዶላር የሆነ ጭነት እንደ ቅደም ተከተላቸው 210፣ 450 እና 930 ዶላር ይከፍላል። ማሰሪያው ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ከተሠራ መጋረጃ ጋር በአንድ ማሸጊያ ለችርቻሮ ተዘጋጅቶ ከመጣ ደግሞ እንደ አንድ ስብስብ ይታያል። የስብስቡን መሠረታዊ ባሕርይ የሚሰጠው መጋረጃው ስለሆነ ሁሉም በ6303.92 ሥር 11.3 በመቶ ይከፍላል። በዚህ ጊዜ ማሰሪያው ራሱን ችሎ የሚከፍለው ቀረጥ የለም፤ የመጋረጃውን ይከተላል።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ በቀረጥ ብቻ አያበቃም። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ፣ የጉምሩክ ዋጋው 100,000 ብር የሆነ ዕቃ በአንድ ቁጥር 10 በመቶ፣ በሌላ ቁጥር 35 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት፣ የቀረጡ ልዩነት 25,000 ብር ነው። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በመጀመሪያው 16,500፣ በሁለተኛው 20,250 ብር ይሆናል። ሌሎች ታክሶችን ሳንቆጥር ልዩነቱ 28,750 ብር ደረሰ። አንዲት የታሪፍ ስህተት በየደረጃው እየተባዛች የምትወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ሕግ እና የሰው ቋንቋ

አንዳንድ ተማሪዎች «ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ኒክስ እና ሄደን በተከራከሩበት ጉዳይ ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ወይስ አትክልት የሚለውን መወሰን ነበረበት፤ በ1883ቱ የታሪፍ ሕግ አትክልት 10 በመቶ ይከፍል ነበርና። በዕፅዋት ሳይንስ ቲማቲም ፍሬ መሆኑን ፍርድ ቤቱ አልካደም። ነገር ግን የታሪፍ ቃል የሚተረጎመው በገበያና በማዕድ ላይ ሰዎች በሚጠቀሙበት ትርጉም ነው በማለት አትክልት ነው ሲል ወሰነ።

ከዚህ የምንማረው የታሪፍ ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑን ነው። ጨዋታ የሚሆነው ሰዎች ከሚፈልጉት ክፍያ ተነሥተው ወደ ቃሉ ሲመለሱ ነው። አንድ አምራች ማሰሪያውን ከጥብጣብ ይልቅ ከገመድ ቢሠራና አነስተኛ ቀረጥ ቢከፍል ሕጋዊ ነው፤ ዕቃው በእርግጥ ገመድ ነውና። ጥብጣቡን «ማግኔት» ብሎ ማስመዝገብ ግን ሐሰት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አንዳንድ ጊዜ ይቀጥናል። የፎርድ ኩባንያ ትራንዚት ኮኔክት የተባሉትን መኪናዎች ከቱርክ ሲያስገባ የኋላ መቀመጫ ገጥሞላቸው፣ ከጉምሩክ ከወጡ በኋላ መቀመጫውን ያስወግድ ነበር። የሰው መኪና 2.5 በመቶ፣ የጭነት መኪና ደግሞ 25 በመቶ ይከፍል ነበርና። የአሜሪካ የፌዴራል ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 መኪናዎቹ የጭነት ናቸው ሲል ወሰነ። መቀመጫው ለአጠቃቀም ሳይሆን ለመተላለፊያ ብቻ የተገጠመ መሆኑ በውሳኔው ላይ ክብደት ነበረው።

ለነገ ባለሙያዎች

ከእናንተ መካከል ነገ የጉምሩክ መርማሪ፣ አስተላላፊ፣ ዳኛ ወይም አስመጪ የሚሆኑ አሉ። አራት ነገሮችን አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ከኢንቮይሱ ቃል በፊት ዕቃውን፣ ካልተቻለም ናሙናውንና የጥሬ ዕቃ መግለጫውን ተመልከቱ። የነጋዴ ስያሜ ለሽያጭ የተሰጠ እንጂ ለምደባ የተሰጠ አይደለም። ሁለተኛ፣ ላኪው በሰነዱ ላይ የጻፈውን የታሪፍ ቁጥር እንደ ጥቆማ ውሰዱት እንጂ እንደ መልስ አትቁጠሩት። ስድስቱ አሃዞች አንድ መሆን ቢገባቸውም፣ በቁጥሩ ስህተት እዚህ የሚጠየቀው አስመጪው ነው፤ ላኪው አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጥርጣሬ ካለ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የቅድሚያ ውሳኔ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸናው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማቀላጠፍ ስምምነት በአንቀጽ 3 አባል አገሮች የታሪፍ ምደባን በተመለከተ እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዲሰጡ ያስገድዳል። አንድ ደብዳቤና አንድ ናሙና አስቀድሞ መላክ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ከሚጠይቀው ወጪ ሁሉ ያንሳል።

አራተኛ፣ የመደባችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ አስቀምጡ። የትኛውን ደንብ፣ የትኛውን ማስታወሻ፣ ለምን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። ምክንያቱ የተጻፈ ምደባ ቢሳሳት እንኳ ሊታረም ይችላል፤ መርማሪውም ሆነ አቤቱታ ሰሚው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ምክንያቱ ያልተጻፈ ምደባ ግን ትክክል ቢሆንም ግምት ሆኖ ይቀራል።

ስለ አንዲት የመጋረጃ ማሰሪያ ይህን ያህል መናገሬ አብዝቼ ከሆነ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ነገር ግን አንድ ዓይነት ዕቃ ያስመጡ ሁለት ሰዎች እኩል ቀረጥ መክፈላቸው በሕግ ፊት የእኩልነት አንዱ መገለጫ ነው። ያ እኩልነት የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በትልልቅ አዋጆች ብቻ ሳይሆን፣ ካርቶኑን ከፍቶ ባየው ወይም ሳያይ በፈረመው አንድ ሰው እጅ ጭምር ነው። እኔ ሳላይ ፈርሜ ያስከፈልሁት የእኔን ገንዘብ አልነበረም፤ የአንዲት መጋረጃ ሰፊ የበዓል ገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም የምደባ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የእኚያን እናት ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ። እናንተም ብትጠይቁት አትጎዱበትም።